ወገቤ ለቆኝ እግሬን ያዘኝ፤ ዲስክ ነው ኩላሊት?

ጋላፊ መስመር · ማክሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ናችሁ። የተሳቢ ሹፌር ነኝ፣ ከአዳማ በሚሌ ጋላፊ፣ ከዚያ ጅቡቲ። ዕድሜዬ 38። ከሦስት ሳምንት በፊት አዋሽ ላይ ጎማ ስቀይር ወገቤ ቀጭ አለ። ጎማውን እንኳ አልጣልኩትም፣ ጨርሼ አስሬ ነዳሁ። በማግስቱ ሚሌ ስደርስ ከመኪናው መውረድ አቃተኝ፤ ረዳቴ ነው ደግፎ ያወረደኝ።

አሁን የሚገርመው ወገቤ ተሽሎታል። ያስቸገረኝ እግሬ ነው። ከግራ መቀመጫዬ ይነሳና በጭኔ ጎን፣ በቅልጥሜ ውጭ ወርዶ እስከ አውራ ጣቴ ይነዝረኛል፤ የተላጠ ሽቦ የነካሁ ነው የሚመስለኝ። ሲያስነጥሰኝ ደግሞ አይጣል ነው። ስቀመጥ ይብሳል፣ ስቆም ይሻላል። ስተኛ ጉልበቴን አጥፌ ትራስ ካስገባሁበት ትንሽ እፎይ እላለሁ።

አንድ ክሊኒክ ሄጄ ሽንት አስመረመሩኝና «ኩላሊትህ ነው፣ ውሃ ጠጣ» ብለው መድኃኒት ሰጡኝ። በቀን 4 ሊትር እየጠጣሁ ሥራዬ ለሽንት መኪና ማቆም ብቻ ሆነ፣ እግሬ ግን ያው ነው። ጓደኞቼ «ብርድ ነው፣ ሶደሬ ግባ» ይላሉ። እናቴ ወጌሻ ልትጠራ ነው። አንዱ ደግሞ ዲስክ ነው ካለኝ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም፤ ዲስክ ያለበት ሰው ሽባ ይሆናል ሲባል ሰምቻለሁ። ምልክቱን የሚያውቅ ይንገረኝ።

የገንደ ጋራ ልጅ · ማክሰኞ ማታ 2፡58

4 ሊትር! ለመኪናህ ራዲያተርም ይተርፋል እኮ። ቀልዱን ልተወውና፣ የኔም አባት አምስት ዓመት ሙሉ «ኩላሊቴን» ሲል ኖሮ ኩላሊቱ ምንም አልነበረም። እኛ አገር ቀበቶ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ያመመው ሁሉ ኩላሊት ነው የሚባለው።

እናና ወንጂ · ማክሰኞ ማታ 3፡20

ወንድሜ እግዚአብሔር ይማርህ። የኔን ልንገርህና አንተ አመዛዝነው። ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ውሃ ጠፍቶ ሰንብቶ በመጣ ቀን 20 ሊትር ጀሪካን ጎንበስ ብዬ ጎትቼ ስነሳ ነው የጀመረኝ። የኔ በጎን ሳይሆን በኋላ ነበር የሚወርደው፤ በጭኔ ጀርባ፣ በባቴ፣ በተረከዜ አድርጎ ትንሿ ጣቴ ጋ ያልቃል። እዚያ ጋ ደንዝዞ፣ ባዶ እግሬን ሆኜ ካልሲ ያደረግሁ ይመስለኝ ነበር።

ያኔ ከሁሉ የሚብስብኝ ቡና ማፍላት ነበር። በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ከሰሉን ለማራገብ ጎንበስ ስል ነፍሴ ትወጣለች። አቦሉን ቀድቼ ቶና ሳይደርስ እነሳለሁ፤ ጎረቤቶቼ «ቡና ጠላች» ብለው አሙኝ። ደግሞ ቁም ሳጥን ላይ ያለ ነገር ለማውረድ ስንጠራራ የቀኝ እግሬ ጣት አይሸከመኝም፣ እጥፍ ይላል።

ዲስክ ነው ተባልኩ። ቢላዋ ሳይነካኝ ሦስት ወር ግድም ፈጅቶ ለቀቀኝ። ሽባም አልሆንኩ፣ ይኸው እንጀራዬን እየጋገርኩ ነው።

ፊዚዮ አዳማ · ማክሰኞ ማታ 4፡05

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ እዚሁ ከተማ ነው የምሠራው። በጽሑፍ አይቼ «ዲስክ ነው» «አይደለም» አልልም። ግን ሁለታችሁ እዚህ የጻፋችሁትን እንዳለ ሐኪም ፊት ብታወሩት የምርመራው ግማሽ አለቀ ማለት ነው።

መጀመሪያ ስሙ ራሱ ነው የሚያሳስተን። «ዲስክ ተንሸራተተ» ሲባል ሰው ከመደርደሪያው የወጣ ሳህን ይመስለዋል፤ ከዚያ መልሶ የሚያስገባለት ወጌሻ ይፈልጋል። የሚንሸራተት ነገር የለም። ዲስክ በሁለት አከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለ ትራስ ነው፤ ዙሪያው እንደ ጅማት የጠነከረ ድርብርብ፣ ውስጡ ዝልግልግ። ሳምቡሳን በአንድ ጎን ስትጫነው ምስሩ በሌላው ጎን ያፈተልክ የለ? እንደዚያ ነው። ጎንበስ ብለህ ጎማ ስታነሳ የምትጫነው ከፊት ነው፣ የሚያፈተልከው ወደ ኋላ። ከኋላው ደግሞ ወደ እግር የሚወርደው ነርቭ አለ። የወጣው ነገር ነርቩን ይጫነዋል፣ ያስቆጣዋልም።

ለዚህ ነው ወገብህ ተሽሎት እግርህ የሚነደው። ትራንስፎርመር ሲበላሽ መብራት የሚጠፋው ቤትህ ነው አይደል? ቤት ውስጥ አምፖል ብትቀያይር ዋጋ የለውም፤ እግርህን በቅባት ብታሽም እንዲሁ።

የወገብ አከርካሪ አምስት ነው። ከአሥር ሰው ከዘጠኙ በላይ የሚጎዳው የታችኞቹ ሁለት ዲስኮች ናቸው። በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ያለው ሲወጣ ባብዛኛው ኤል5 የሚባለውን ነርቭ ይነካል፤ ያ በቅልጥም ውጭ ወርዶ በእግር ጀርባ ላይ አልፎ አውራ ጣት ጋ ይደርሳል። የሹፌራችን መንገድ ነው። ከሱ በታች ያለው ኤስ1ን ይነካል፤ ባት፣ ተረከዝ፣ ትንሿ ጣት፣ የእናና መንገድ። ከፍ ያለው ዲስክ ከሆነ ደግሞ የጭን ፊትና የቅልጥም ውስጠኛው በኩል ነው የሚያመው፣ ይኼ ግን ጥቂት ሰው ላይ ነው።

ጡንቻ ብቻ ሲሆን ሕመሙ ወገብና መቀመጫ ላይ ይቀራል፣ ቢወርድም ባብዛኛው ጉልበት አያልፍም። የኩላሊት ጠጠር ከጎድን በታች ከጎን ይነሳና ወደ ብሽሽት ይወርዳል፤ ቢገላበጡ ቢቆሙ አያርፍም፣ ያቅለሸልሻል፣ ሽንት ላይ ደም ሊታይ ይችላል። አውራ ጣት ድረስ የሚነዝር ኩላሊት ግን በሥራዬ አጋጥሞኝ አያውቅም።

አሁን ወንድሜ ጫማህን አውልቅ። ጣቶችህን ወደ ላይ ቀስረህ በተረከዝህ ብቻ አሥር እርምጃ ሂድ። ቀጥለህ በጣቶችህ። ከዚያ በጀርባህ ተኛና ሰው እግርህን ጉልበቱን ሳታጥፍ ቀስ ብሎ ያንሳልህ። ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ባለው መካከል ከጉልበት በታች ከነዘረህ ንገረኝ። ከጉልበት ኋላ መወጠር ብቻ ከሆነ አትቁጠረው፤ እሱ እኔንም ይወጥረኛል። ደህናውን እግር ሲያነሱት የታመመው ከነዘረህ ደግሞ እሱን ለይተህ ጻፍ።

ጋላፊ መስመር · ማክሰኞ ማታ 4፡50

ሚስቴ አነሳችልኝ። ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ጮህኩ፣ ልጆቹ ተነሱ። ቀኙን ስታነሳውም ግራው ነዘረኝ፣ ይኼን እንዴት አወቅህ?

በጣት መሄዱ ደህና ነኝ። በተረከዝ ግን ቀኙ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ግራው ጣቱ ይወድቃል። ደጋግሜ ሞከርኩት። አሁን ስታዘበው ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ ነጠላ ጫማዬ ከግራ እግሬ እየወለቀ ደረጃ ላይ ሲያደናቅፈኝ ነበር። ጫማው አርጅቶ መስሎኝ ሌላ ገዛሁ፣ አዲሱም ወለቀ። መኪና ላይም ከፍሪሲዮን ላይ ላነሳው ስል እግሬ ይዘገይብኛል።

ፊዚዮ አዳማ · ማክሰኞ ማታ 5፡02

ጫማው አይደለም ያረጀው። እግርን ወደ ላይ የሚያነሳው ጡንቻ ከነርቩ ትእዛዝ በደንብ እየደረሰው አይደለም። ሕመም አንድ ነገር ነው፣ መድከም ሌላ ነው። ሕመም ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥቂት ሳምንት ጠብቅ እልህ ነበር። እግር መድከም ሲጀምር ግን አይጠበቅም። በዚህ ሳምንት የነርቭ ወይም የአጥንት ስፔሻሊስት ይይህ። ስለ ሽንት ምርመራው ሳይሆን ስለ ጫማው ንገረው።

ደግሞ አትንዳ። የተጫነ ተሳቢ በዘገየ እግር! የቤትህን ጣጣ አውቃለሁ፣ ግን ረዳትህ መንጃ ፈቃድ ካለው እሱ ይያዘው።

ባቡር ጣቢያ ጡረተኛ · ረቡዕ ጠዋት 1፡15

ልጆቼ፣ የኔ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። 71 ዓመቴ ነው። ቁጭ ስል ምንም የለብኝም። ከፖስታ ቤት ወደ ፍራንኮ ሁለት መቶ ሜትር ስሄድ ሁለቱም እግሮቼ ይከብዱኛል፣ ይደነዝዛሉ። አንድ ደረጃ ላይ አረፍ ስል ወይም አጥር ተደግፌ ጎንበስ ስል ይለቀኛል። ገበያ የዕቃ ጋሪ እየገፋሁ ከሆነ ብዙ እሄዳለሁ። እኔም ዲስክ ነኝ?

ፊዚዮ አዳማ · ረቡዕ ጠዋት 2፡30

ጋሼ፣ እርስዎ የነገሩን ከዲስኩ ተቃራኒ ነው። የዲስክ ሰው ሲቀመጥና ሲጎነበስ ይብስበታል፤ እርስዎ ግን ሲጎነበሱ ነው የሚሻልዎት። በዕድሜ የአከርካሪው ቱቦ ሲጠብ እንደዚህ ነው፤ ቀጥ ሲሉ ይጠባል፣ ሲጎነበሱ ይሰፋል። የእግር ደም ሥር ሲጠብም ሲሄዱ ያማል፣ ያ ግን ሳይጎነበሱ ቆም ሲሉ ብቻ ይለቃል። ሐኪም ጋ ሲሄዱ ይህንን የጋሪውን ነገር አይርሱት፣ እሱ ነው የሚለየው።

ቀበሌ 08 · ረቡዕ ቀን 7፡10

ለምን ወጌሻን ታንኳስሳላችሁ? እኔ ትከሻዬ ወልቆ በደቂቃ መልሶልኛል። ሶደሬስ ቢሆን የስንቱን ወገብ ፈታ።

እናና ወንጂ · ረቡዕ ቀን 7፡40

ወጌሻን ማን ናቀ? ትከሻ ወለቀ ማለት አጥንት ከቦታው ወጣ ማለት ነው። ዲስክ ግን የሚመለስበት ቦታ የለውም። እኔን አሽቶኝ፣ ጀርባዬ ላይ ቆሞ በተረከዙ ሲረግጠኝ ነው ትንሿ ጣቴ የደነዘዘችው፤ ከዚያ በፊት ሕመም ብቻ ነበር። ሶደሬ ግን ደስ ይላል፣ ሙቀቱ ጡንቻ ያላላል። ቤት ስመለስ ግን ያው ነበርኩ፣ መንገዱ ራሱ እየናጠኝ።

ነርስ ነኝ፣ ቲቢ ክፍል · ረቡዕ ማታ 1፡25

ሁሉም ስለ ዲስክ ስላወራ እኔ ሌላውን ላስታውስ። ወገቡን ወራት ያመመው፣ ተኝቶም የማያርፍ፣ ማታ ማታ የሚያተኩሰው፣ ሌሊት በላብ የሚርስ፣ ሱሪው እየሰፋው የመጣ ሰው ዲስክ እያለ እንዳይቀመጥ። ቲቢ ሳንባ ላይ ብቻ አይደለም፤ አከርካሪ ላይም ይወጣል፣ ሳልም ላይኖር ይችላል። መድኃኒቱ በመንግሥት ተቋም በነፃ ነው። ያልፈላ ወተት የሚጠጣና ትኩሳት ያለው ሰው ደግሞ ስለ ወተቱ ለሐኪሙ ይንገር፤ ከከብት የሚመጣው ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ ወገብ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ካንሰር የነበረበት፣ ወድቆ ወይም መኪና ገጭቶት የጀመረው፣ ለረጅም ጊዜ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት የወሰደ ሰውም ቶሎ ይታይ።

የገንደ ጋራ ልጅ · ረቡዕ ማታ 2፡00

እኔ ወገቤን ብቻ ነው አልፎ አልፎ የሚይዘኝ። ከዚህ ሁሉ ወሬ በኋላ ፈራሁ። ገንዘብ አጠራቅሜ ኤም አር አይ ልነሳ?

ፊዚዮ አዳማ · ረቡዕ ማታ 2፡35

አትነሳ። ምንም የወገብ ሕመም የሌላቸውን 98 ሰዎች ኤም አር አይ አንስተው በፈረንጆቹ 1994 የታተመ ጥናት አለ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ላይ ያበጠ ዲስክ ተገኝቷል፣ ከአራቱ አንዱ በሚሆኑት ላይ ደግሞ ገፍቶ የወጣ። ሰዎቹ ግን ደህና ናቸው። አንተም ብትነሳ ምናልባት ይገኝብሃል፣ ከዚያ ወረቀቱን ይዘህ ትታመማለህ። ኤም አር አይ የሚጠቅመው እግር ሲደክም፣ አደገኛ ምልክት ሲኖር ወይም ስድስት ሳምንት ታክሞ ያልተሻለው ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ነው። ተራ ራጅ ደግሞ ዲስክን አያሳይም፣ አጥንት ነው የሚያሳየው፤ «ራጅ ተነሳሁ፣ ዲስክ የለህም ተባልኩ» የሚለኝ ሰው በየሳምንቱ ይመጣል።

የወጣው ዲስክም ዕድሜ ልክ እዚያው አይቀርም። ሰውነት እየበላው ይሟሽሻል፤ ብዙ ሰው በ6 እና በ12 ሳምንት መካከል ነው የሚሻለው። እስከዚያ ጣውላ ላይ ተኝቶ መክረም የድሮ ምክር ነው። ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አትተኙ፣ የቻላችሁትን ያህል ተራመዱ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ሕመም ይቀንሳሉ፣ ግን ጨጓራና ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ፤ ከምግብ ጋር፣ ለጥቂት ቀን፣ ሁለቱን አንድ ላይ ሳይሆን።

ቦኩ ሱቅ · ሐሙስ ማታ 3፡10

እኔም የስኳር ጆንያ ሳወርድ ተይዤ ሁለቱም እግሬ ሲነዝረኝ ነበር። ትናንት ጀምሮ ግን ተመስገን ሕመሙ ቀንሶልኛል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ ስቀመጥ መቀመጫዬና በጭኖቼ መሃል ያለው ቦታ የኔ አይመስለኝም፣ ማደንዘዣ የወጋኝ ያህል ነው። ሽንቴም ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ብሎኛል፣ ትንሽ ጠብ ብሎ ይቆማል። ውሃ ስላልጠጣሁ ይሆን? የትኛው ቅባት ይሻላል?

ፊዚዮ አዳማ · ሐሙስ ማታ 3፡16

ወንድሜ ስልኩን አስቀምጥና አሁን ወደ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂድ። ነገ ጠዋት አይደለም፣ አሁን፣ በባጃጅም ቢሆን። ሲጠይቁህ ወገቤን አትበል፤ «መቀመጫዬ ደንዝዟል፣ ሽንት አልወጣ አለኝ» በል። ሕመሙ የቀነሰው ስለዳንክ ላይሆን ይችላል፤ ነርቩ ስሜት ማድረስ እያቆመ ሊሆን ይችላል።

ለሌላው አንባቢ፦ ከሕብለ ሰረሰር ጫፍ በታች የሚወርደውን የነርቮች ጥቅል ሐኪሞች የፈረስ ጭራ ይሉታል፤ ጋሪ ሲያይ ያደገ የአዳማ ሰው ሥዕሉ አይጠፋውም። ትልቅ ዲስክ መሃል ላይ ሲወጣ ያንን ሁሉ አንድ ላይ ያንቀዋል። ሽንት፣ ሰገራ፣ የወሲብ ስሜት የሚያልፉት በሱ ነው። ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፣ ከደረሰ ግን የሚቆጠረው በሰዓት ነው፤ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ከተቻለም ከዚያ ቀድሞ በቀዶ ሕክምና ካልተከፈተ ሽንቱ ላይመለስ ይችላል።

እናና ወንጂ · ሐሙስ ማታ 3፡30

ቦኩ ሱቅ፣ ወጣህ? መልስልን።

እናና ወንጂ · ሐሙስ ማታ 4፡15

ኧረ እባክህ መልስ።

ቦኩ ሱቅ · ዓርብ ቀን 6፡50

ወንድሙ ነኝ፣ በሱ ስልክ ነው የምጽፈው። ማታ «ሱቁን ዘግቼ፣ ሂሳብ ሠርቼ» ሲል አባቴ ነው ጎትቶ ያስነሳው። ሆስፒታል ሽንቱን በቱቦ አወጡለት፣ ከአንድ ሊትር በላይ። እሱ ግን መሙላቱን እንኳ አላወቀም ነበር። ሌሊቱን በአምቡላንስ አዲስ አበባ ወሰዱት፣ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ገብቷል። ስለ ሁሉም እናመሰግናለን።

ነርስ ነኝ፣ ቲቢ ክፍል · ዓርብ ቀን 7፡05

እግዚአብሔር በሰላም ያውጣው። ቱቦው ሲወጣ ሽንቱ መምጣቱንና መቀመጫው ሲነካ መሰማቱን ተከታተሉ። ስሜቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው፣ ወራትም ይወስዳል፤ እሱ ፊት ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር አታውሩ።

ጋላፊ መስመር · ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ቀን 9፡30

ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ጋ ገብቼ ስለ ጫማው ስነግረው ሳቀና፣ ከዚያ ሳቁን ትቶ አውራ ጣቴን በጣቱ ተጭኖ «ወደ ላይ ግፋኝ» አለኝ። መግፋት አልቻልኩም። ኤም አር አይ ታዘዘልኝ፤ ፊዚዮ እንዳለው በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል፣ በግራ። ድክመቱ ከፊል ስለሆነ በየሳምንቱ እያየኝ እንጠብቅ፣ ከባሰ እንከፍታለን አለኝ።

አልባሰም። ነዘሩ ከአውራ ጣቴ ወደ ቅልጥሜ፣ ከቅልጥሜ ወደ ጭኔ እየሸሸ ወጥቶ አሁን መቀመጫዬ ላይ ነው ያለው። ወገቤ ተመልሶ ሲያመኝ ደነገጥኩ፤ ፊዚዮው ግን «ወደ ላይ እየተሰበሰበ ነው፣ ጥሩ ምልክት ነው» ብሎ አረጋጋኝ። በተረከዜ አሥሩን እርምጃ ስሄድ ስምንተኛው ላይ ጣቴ ይወድቃል፣ መጀመሪያ ሁለተኛው ላይ ነበር። ተሳቢውን ረዳቴ እየነዳው ነው፤ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ሄደ፣ ደሞዜን ግማሽ በግማሽ ተካፈልን። እናቴ ወጌሻውን ከልክላኛለች፣ ራሷ የጠራችው ሰውዬ!

ቦኩ ሱቅ እንዴት ሆነ?

ቦኩ ሱቅ · እሑድ ማታ 1፡10

አለሁ ወንድሜ። ቱቦው ከወጣ ሁለት ሳምንት ሆነው። ሽንቴ ይመጣል፣ ግን ሰዓት እያየሁ ነው የምሸናው፣ መሙላቱ ገና በደንብ አይሰማኝም። ጭኖቼ መሃል በቀኝ በኩል ተመልሷል፣ ግራው እስካሁን የካርቶን ያህል ነው። ጆንያ የሚያወርድ ልጅ ቀጠርኩ።

ባቡር ጣቢያ ጡረተኛ · እሑድ ማታ 1፡45

ልጄ፣ ልጁንም ጎንበስ ብሎ እንዳያነሳ ንገረው። ተንበርክኮ፣ ጆንያውን ደረቱ ላይ አስጠግቶ። እኛ ባቡር ላይ ስንጭን እንደዚያ ነበር የምንታዘዘው፣ አልሰማንም እንጂ።